ከቁልፉ ጋር የሚጠፋ መስመር

ሚያዝያ ላይ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሸሕዲ የሚወርድ ሹፌር ቁልቁለቱን በገላው ያውቀዋል። አዘዞ ላይ ጃኬቱን አላወለቀም። ጭልጋ አይከል ሲደርስ መስኮቱን ገርበብ ያደርጋል። ነጋዴ ባሕርን አልፎ ቆላው ሲቀበለው ግን መስኮት መክፈትም መዝጋትም አንድ ይሆንበታል፤ የሚገባው ነፋስ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ካለፈ ከተማ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል። በዚህ ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ለሸሕዲ ሰው ወሬ አይሆንም።

ስለዚህ የቆላ መኪና ባለቤት መጀመሪያ የሚገዛው ማራገቢያ ነው። ቀጥሎ የስልክ ቻርጀር፣ ቀጥሎ ቴፕ ይመጣል፤ በሌሊት ወደ እርሻ ለሚገባ ደግሞ ፓውዛ፣ ኪሱ ለፈቀደ ውኃ የምታቀዘቅዝ ትንሽ ፍሪጅ። እነዚህ ሁሉ ከፋብሪካ አብረው ያልመጡ፣ በኋላ የገቡ እንግዶች ናቸው። እንግዳ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል፤ የእነዚህ ምግብ ኤሌክትሪክ ነው። ጥያቄው ሽቦው የት ይታሰር የሚለው ይሆናል።

ቀላሉ መልስ ባትሪው ራስ ላይ ማሰር ነው። አንዱን ሽቦ ፖዘቲቩ ላይ፣ ሌላውን ኔጌቲቩ ላይ፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ፍሪጁ ይቀዘቅዛል፣ ሥራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ችግሩ የሚታወቀው ሲነጋ ነው።

እኔ ያወቅሁት በአንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ሰሊጡ ታጭዶ በነዶ በነዶ ሂላ ተደርጎ በቆመበት ሰሞን ነው። በአሮጌ የናፍጣ ፒካፕ እርሻ ገብተን ማሳው ዳር አደርን። ከኋላ የተጫነችው ፍሪጅ ባትሪው ላይ በቀጥታ ታስራ ነበርና ሌሊቱን ስታንጎራጉር አደረች፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተን ስለተኛን ማንም ቅር አላለውም። ጠዋት ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞቶሪኖው አንድ ጊዜ «ጠክ» ብሎ ዝም አለ። አምስት ሆነን ገፋን፤ መሬቱ ግን ትልም ነው፣ መኪና አያንደረድርም። ትራክተር መጥቶ እስኪጎትተን ፀሐይ አናታችን ላይ ወጥታ ነበር። የፍሪጇም ውኃ ሞቀ።

ስሌቱን ያኔ ብንሠራው ኖሮ ማታውኑ እናውቀው ነበር። እንዲህ ያለች ፍሪጅ ስትሠራ ወደ 50 ዋት ትወስዳለች። ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ነው፤ 50 ለ12 ሲካፈል ከ4 አምፔር ጥቂት ይበልጣል። በሙቀት አገር ሞተሯ እምብዛም ስለማያርፍ በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ወደ 37 አምፔር ሰዓት በላች ማለት ነው። የፒካፕ ባትሪ ላይ 60 ወይም 70 አምፔር ሰዓት ተብሎ ይጻፍ እንጂ፣ ሞተር ለማስነሣት ግማሹ እንኳ መቅረት አለበት፤ ያረጀ ባትሪ ደግሞ የተጻፈበትን ያህል አይዝም። ሞቶሪኖ ለጥቂት ሰከንድ ቢሆንም መቶዎች አምፔር ይጠይቃል። ያንን የሚሰጥ አቅም ሌሊቱን ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ሄዷል።

ባትሪውን እስከዚህ ማውረድ የአንድ ጠዋት ችግር ብቻ አይደለም። ተጠጥቶ ያለቀ የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ጨው መሰል ነገር ይጋገርበታል፤ ቆይቶ ሲሞላ ሁሉም አይለቅም። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። በአማካይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ ግማሽ ያህሉን ያጣል የሚል የታወቀ የሙያ ግምት አለ፤ ጎንደር ላይ አራት ዓመት የኖረ ባትሪ ሸሕዲ ላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢደክም ሻጩን ብቻ መውቀስ አይገባም። የቆላ ባትሪ ያለ እኛ እርዳታም ይሞታል። ልናፋጥንለት አያስፈልግም።

መፍትሔው ቁልፉ ውስጥ ነው። ቁልፉን ስናዞር በአንድ ጊዜ ከ«ዝግ» ወደ «ክፍት» የምንሄድ ይመስለናል፤ ነገር ግን የመኪና ቁልፍ ብዙውን ጊዜ አራት ማረፊያ አለው። የመጀመሪያው ሁሉም የጠፋበት፣ መሪውም የሚቆለፍበት ነው። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ቴፑና የሲጋራ መለኮሻው ብቻ ይነቃሉ፤ ቁልፉ ዙሪያ በላቲን ፊደል ሦስት ሆሄ ተጽፎ «ኤሲሲ» የሚባለው ይህ ነው፣ ትርጉሙም «ተጨማሪ ዕቃዎች» ማለት ነው። ሦስተኛው «ኮንታክት» የምንለው ነው፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ይበራሉ፣ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ሁሉ ይነቃል። አራተኛው ሞቶሪኖውን የሚያዞረው ነው፤ እጃችንን ስንለቅ በራሱ ወደ ሦስተኛው ይመለሳል። አራተኛው ላይ ቴፑ ድንገት ዝም ሲል ተበላሸ ብሎ የሚደነግጥ አለ። አልተበላሸም፤ ያለው ጉልበት ሁሉ ወደ ሞቶሪኖው እንዲሄድ ቁልፉ ለጊዜው ሌላውን ስለሚያስጾመው ነው።

ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። የጥንት መኪና በእጅ ማንሻ እየተዞረ ነበር የሚነሣው። እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ መኪኖች ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ባትሪ የመኪና ጌታ ሆነ። የእኛ ሹፌሮች ግን ያንን ሞተር የሚጠሩት በጣልያንኛ ነው፦ ሞቶሪኖ። ካንዴላውም፣ ፍሬቻውም፣ ፍሪሲዮኑም እንዲሁ። በኋላ የመጡት ቻርጀርና ፍሪጅ የእንግሊዝኛ ስም ይዘው ቀሩ። አንድ ፒካፕ ውስጥ የገባ ሰው ስሙን ሰምቶ ብቻ ቤተኛውን ከእንግዳው ሊለይ ይችላል።

እንግዲህ አዲሱን ዕቃ ቁልፉ ሲጠፋ የሚሞት ሽቦ ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር ነው፣ አይደል? አዎ፤ ግን እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ስሕተት የሚሠራው። ፓውዛውን ከነሸክሙ ቁልፉ ጀርባ ካለው ሽቦ ጋር ጠምዝዞ ማሰር።

ነገሩን በሰሊጥ ገበያ እናስበው። ሻጭና ገዥን የሚያገናኘው ደላላ ነው። ኩንታሉን የሚሸከመው ግን ደላላው አይደለም፣ ጫኙ ነው፤ ሰሊጡም የሚወጣው ከመጋዘን ነው። ደላላው ምልክት ይሰጣል፣ ጫኙ ያነሣል። ደላላውን መቶ ኪሎ አሸክሙት፣ ወገቡ ይቀጫል፤ በማግሥቱ ገበያው ራሱ አይቆምም። ቁልፉ ደላላ ነው። በውስጡ ያሉት የመዳብ ምላሶች ቀጫጭን ናቸው፤ የተሠሩት ፋብሪካው ለሰጣቸው ሸክም ነው። በላያቸው ላይ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓውዛ ብንጭን በ12 ቮልት ወደ 17 አምፔር ጨመርንባቸው ማለት ነው። መጀመሪያ ቁልፉ ይሞቃል፣ ቀጥሎ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ይለሰልሳል፤ አንድ ቀን ደግሞ መኪናው አልነሣም ይላል፣ ወይም ቁልፉ ተነቅሎም አልጠፋም ይላል።

ጫኙ ሪሌ ይባላል። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። በውስጧ ሁለት ነገር አለ፦ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ፣ እና ወፍራም መገናኛ። በቀጭኑ ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት ይሆንና መገናኛውን ስቦ ይገጥመዋል፤ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ያኔ ነው። ማግኔቱን ለማንቃት ከ0.2 አምፔር ያነሰ ይበቃል። በመገናኛው በኩል ግን 30 አምፔር ያለ ችግር ያልፋል። ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ያቺን ጥቂት ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ ሸክሙ ከባትሪው በቀጥታ፣ በሪሌዋ በኩል አድርጎ ወደ ፓውዛው ይሄዳል። ቁልፉ ሲጠፋ ማግኔቱ ይለቃል፣ መገናኛው ይከፈታል፣ ፓውዛው ይጠፋል።

ሪሌዋን ገልብጦ እግሮቿን ያየ ሰው ቁጥሮች ያገኛል። እነዚህ ቁጥሮች ከጀርመን የተነሡ ናቸው፤ ዛሬ የትም አገር በተሠራ ሪሌ ላይ ማለት ይቻላል ተቀርጸው ይገኛሉ፤ የሥራውን ግማሽ የሚያቀሉትም እነርሱ ናቸው። 30 ማለት ሁልጊዜ ሕይወት ያለው፣ ከባትሪ የሚመጣ ነው። 87 ወደ ዕቃው የሚወጣ ነው። 85ና 86 የማግኔቱ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ ከቁልፉ፣ ሌላው ወደ ኔጌቲቭ። ፓውዛውን ሹፌሩ ሲፈልግ ብቻ እንዲያበራ ከተፈለገ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ከቁልፉ ወደ 86 በሚሄደው ቀጭን ሽቦ መካከል ይገባል። ማብሪያው የሚሸከመው ምልክቱን ብቻ ስለሆነ የረከሰውም ያገለግላል። በመኪና የሽቦ ሥዕል ላይ 15 የሚል ቁጥር ካጋጠመም በቁልፍ የሚነቃው መስመር ማለት ነው፤ 31 ደግሞ ኔጌቲቩ።

በሸሕዲ ያሉ ኤሌትሪሽያኖች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ብዙ ጊዜ ሪሌዋን የሚያስቀረው ባለመኪናው ነው። ለፓውዛው ሲከፍል እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ሪሌና ፊውዝ ይገዛ ሲባል ግን «ያለዚያ አይሠራም እንዴ?» ይላል። ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው።

ፊውዙን ካነሣን ዘንድ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰዎች ከቁልፉ ጋር የሚያምታቱት እርሱን ነውና። ቁልፉ የሚመልሰው «መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፦ ዕቃው መቼ ይሥራ፣ መቼ ይረፍ። ፊውዙ የሚመልሰው «ሽቦው ቢላጥስ?» የሚለውን ነው። መስመሩን በቁልፍ ያስነሣ ሰው ፊውዝ አያስፈልገኝም ሊል አይችልም። ከባትሪው ወደ ሪሌዋ 30 ቁጥር እግር የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ቁልፉ ጠፍቶም ሕይወት አለው። መኪናው በኮረኮንች ሲንቀጠቀጥ ያ ሽቦ የብረት ጠርዝ ላይ እየታሸ ልብሱ ቢላጥና አካሉን ቢነካ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ያፈስሳል። ሽቦው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀጣጠላል። ዙሪያው የደረቀ የማሽላ አገዳ ወይም ሂላ በሆነበት ወር ይህ የአንድ መኪና ጉዳት ሆኖ ላይቀር ይችላል።

ስለዚህ ፊውዙ የሚቀመጠው ባትሪው አጠገብ ነው፣ በአንድ ስንዝር ርቀት ገደማ። ዕቃው ጋ ተወስዶ ከተገጠመ ከባትሪው እስከ ዕቃው ያለውን ሽቦ የሚጠብቅ የለም። መጠኑም የሚመረጠው ሽቦውን እያየን ነው። ሁለት ባለ 36 ዋት የኤልኢዲ ፓውዛ በ12 ቮልት 6 አምፔር ይወስዳሉ፤ 10 አምፔር ፊውዝና 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃቸዋል። የቢላ ቅርጽ ያላቸው ፊውዞች በቀለማቸው ይታወቃሉ፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። ቀዩ በተቃጠለ ቁጥር ወደ ቢጫ የሚሻገር፣ ወይም ከሲጋራ ፓኬት ብርማውን ወረቀት ቀዶ የሚጠቀልልበት ሹፌር አለ። ፊውዙ እየነገረው ያለውን አልሰማም፤ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆኖ እስኪቃጠል ይጠብቃል።

የሽቦ ነገር ከተነሣ፣ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ አንድ ጭረት ሽቦ ለመኪና አይሆንም። ንቅንቅታ ይሰብረዋል። ለመኪና የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ያሉት፣ የሚተጣጠፈው ነው። ውፍረቱም የዋዛ አይደለም፤ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ 10 አምፔር አምስት ሜትር ብንሰደው መንገድ ላይ ብቻ 1.75 ቮልት ይጠፋል። ፓውዛው ይደበዝዛል፤ የጠፋው ጉልበት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ሽቦው ላይ ይቀራል፣ ወደ 17 ዋት ያህል። በሸሕዲ ፀሐይ ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ቀድሞውኑ ምን ያህል እንደሆነ እጁን ያስገባ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ፍለጋው። በቁልፍ የሚነቃው ሽቦ የትኛው ነው? የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ አንድ መኪና ላይ ጥቁር ኔጌቲቭ ሲሆን ሌላው ላይ ቡናማ ነው፣ ከእኛ በፊት ስንት እጅ እንደነካውም አይታወቅም። የሚታመነው ቴስተር ነው፦ ጫፉ ሹል የሆነ፣ በውስጡ አምፖል ያለው ካቻቢቴ መሳይ። መቆንጠጫው ያልተቀባ ብረት ላይ ይያዛል፤ ሹሉ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው የፊውዝ ሳጥን ላይ ይነካካል። ቁልፉ ተነቅሎ አምፖሉ ከበራ ያ መስመር ቀን ከሌሊት ሕያው ነው፤ ለእኛ አይሆንም። ቁልፉ ሲዞር የሚበራ፣ ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ተገኘ። ሞቶሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ከጠፋ ደግሞ ይበልጥ ተመራጭ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ማራገቢያችን ከሞቶሪኖው ጋር አይሻማም።

ለዚህ የሚመቹት የቴፑ፣ የሲጋራ መለኮሻውና የዝናብ መጥረጊያው መስመሮች ናቸው። የሲጋራ መለኮሻው ግን በአንዳንድ መኪና ቁልፍ ተነቅሎም ይሠራል፤ ሳይፈተኑ ማመን የለም። የማይነኩም አሉ። የኤርባግ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ልብስ አለው፤ እርሱን፣ የፍሬን ኤሌክትሮኒክሱን፣ የሞተሩን ኮምፒዩተር መስመር ለማራገቢያ ብሎ መቁረጥ ወንድምን ለፍየል መሸጥ ነው። ቁልፍ የሌላቸው፣ በአዝራር የሚነሡት አዳዲስ መኪኖችም ተመሳሳይ ማረፊያ አላቸው፤ ፍሬን ሳይረግጡ አዝራሩን አንድ ጊዜ መጫን ብዙውን ጊዜ ኤሲሲውን ያነቃዋል። እነርሱ ላይ የፊውዝ ሳጥኑን ብቻ መጠቀም ይሻላል፤ ሽቦ መላጥ ኮምፒዩተሩን ያስቀይማል።

ቴፕ የሚያስገጥም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ከአዲስ ቴፕ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሁለት የኃይል ሽቦ ይወጣል፣ ቢጫና ቀይ። ቢጫው ሰዓቱንና ያስቀመጥናቸውን ጣቢያዎች እንዳይረሳ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር መያያዝ አለበት፤ የሚወስደው ከቁጥር አይገባም። ቀዩ በቁልፍ የሚነቃው ላይ ይታሰራል፤ ቴፑ «ባለቤቱ መጥቷል» ብሎ የሚያውቀው በእርሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ባትሪ ላይ ማሰር የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ሹፌሩ በእጁ ካላጠፋው ቴፑ ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል። ሁለቱንም ቁልፉ ላይ ካሰሩት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሁሉን ረስቶ ይነሣል።

የጭነት መኪና ባለቤት የሆነ አንባቢ እስካሁን 12 ቮልት 12 ቮልት ማለታችን ሳይከነክነው አልቀረም። ሰሊጥና ጥጥ የሚያመላልሱት አይሱዙዎችና ከባድ መኪኖች በአብዛኛው 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥለው። ለእነርሱ የሚገዛው ዕቃ፣ ሪሌዋም ጭምር፣ 24 የሚል መሆን አለበት። ኤልኢዲ ፓውዛዎች ብዙዎቹ ከ10 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበሉ ለሁለቱም ይሆናሉ፤ ቴፑና ትንሿ ማራገቢያ ግን ብዙ ጊዜ 12 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ የሚደረገው ብልጠት አለ፦ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መቅዳት።

ይህ አንድ ቀንበር ላይ ከዋሉ ሁለት በሬዎች አንዱን ብቻ ሌሊት ደግሞ እንደማሳረስ ነው። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ አይቶ ነው የሚመግባቸው፤ በድምሩ ወደ 28 ቮልት ይሰጣል። አንዱ የደከመ ከሆነ ድርሻውን አይሞላም፣ የተረፈው ያልደከመው ላይ ይጫናል። የመጀመሪያው ተርቦ ይሞታል፤ ሁለተኛው ጠግቦ ውኃው እየፈላ ይሞታል። ባለመኪናው ሁለት ባትሪ ይገዛል፣ ምክንያቱንም አያውቅም። ትክክለኛው መንገድ 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ መግጠም፣ እርሱንም በሪሌ አድርጎ በቁልፍ ማስነሣት ነው፤ መቀየሪያው ራሱ ምንም ባይሠራም ጥቂት ይበላልና።

ባጃጅ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቮልቱ 12 ነው፣ ባትሪው ግን ከመኪና ባትሪ እጅግ ያንሳል፣ ዲናሞውም እንዲሁ። ከኋላ ትልልቅ ስፒከር፣ ከፊት የሚብለጨለጭ መብራት የደረደረ ባጃጅ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን ከሚያመርተው በላይ ሊበላ ይችላል። እዚያ በቁልፍ ማስነሣት ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ሌላው ግማሽ መደመርና መቀነስ ነው።

ኔጌቲቩም እንደ ፖዘቲቩ ሊታሰብለት ይገባል። ብሎኑ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ መጽዳት አለበት። የቆላ ክረምት ዋልካ ጭቃ ከሥር ተለጥፎ እርጥበቱን ለሳምንት ይዞ ይቆያል፤ ዛገ ማለት መብራቱ ደበዘዘ ማለት ነው፣ ሰው ግን አምፖሉን ነው የሚቀይረው። ሽቦ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳም ላይ ጎማ ይግባ። ጎማ ከሌለ ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ የተጠቀለለ ነገርም ከራቁት ብረት ይሻላል።

ሁሉ ነገር ግን በቁልፍ ይታሰር ማለት አይደለም። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ቁልፉ ተነቅሎም የአደጋ ፍሬቻው መሥራት አለበት። የስርቆት ማንቂያውም እንዲሁ። የመኪናውን መገኛ የሚያሳየው ጂፒኤስ መኪናው ሲሰረቅ ካልሠራ ምን ዋጋ አለው? እነዚህ ያለ ቁልፍ ይኑሩ፤ በፊውዝ ብቻ። የሚበሉት ትንሽ ነው። አንድ ጂፒኤስ ቆሞ ሳለ 0.02 አምፔር ቢወስድ በቀን ግማሽ አምፔር ሰዓት አይሞላም፤ ባትሪውን ለማድከም ሁለት ወር ይፈጅበታል። ፍሪጇ በዘጠኝ ሰዓት የሠራችውን አስቡት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ ወደ ቆላም ይወርዳል። ትልቅ ባትሪ ስላለው ይህ ሁሉ አይመለከተኝም የሚል ባለቤት ይኖራል። ግን እርሱም ኮፈኑ ሥር ወይም ከኋላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒዩተሩን የሚያነቃው እርሱ ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሞልቶም መኪናው አይነሣም። ማራገቢያው የሚታሰረው በዚህ በትንሹ ነው፣ በዚያው በቁልፍና በፊውዝ ሕግ። ብርቱካናማ ልብስ የለበሱት ወፋፍራም ገመዶች ግን ሰው የሚገድል ቮልት ይዘዋል። ለእነርሱ ፒንሳ አይነሣም።

ሥራው አልቆ ከመከፈሉ በፊት የሚደረግ ፈተና አለ። ቁልፉ ይነቀላል፣ በሮች ይዘጋሉ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ በተፈታው ገመድና በባትሪው ራስ መካከል መልቲሜትር በአምፔር ተደርጎ ይገባል፣ ሽቦው 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ተሰክቶ። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት መሞከር አይቻልም፤ መለኪያውን ያቃጥላል። ኮምፒዩተር ያለው መኪና እስኪተኛ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሻይ ይጠጣ። ከዚያ ንባቡ ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ መኪናው በሰላም ያድራል። ግማሽ አምፔር ካሳየ ግን አንድ እንግዳ ሳይሰናበት ቀርቷል፤ ፊውዞቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ንባቡ የወረደበት ላይ ነው የሚገኘው።

መለኪያ ለሌለው ደግሞ ጆሮ አለው። ፒካፓችን ከትራክተሩ ተፈትታ ሸሕዲ በገባችበት ከሰዓት በኋላ ሽቦዋን ፈትቶ በሪሌ ያሰረላት ወጣት ሥራውን እንደጨረሰ እጁን በጨርቅ ጠረገና ሹፌራችንን «ጋሼ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙረው ያጥፉት፤ ጆሮዎንም እዚህ ጋ ያድርጉ» አላቸው። ሰውዬው በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው፤ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አሉ። እኔ በእርሳቸው ፈንታ ገብቼ ቁልፉን አዞርሁ፣ መልሼም አጠፋሁ።

«ጠቅ አለ፣ ልጄ» አሉ። «ፍሪጇም ዝም አለች።»